ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምዎታል?

ሰው በስድሳ ስድስት ዓመቱ ተማሪ ሲሆን መጀመሪያ የሚከዳው ዐይኑ ይመስለዋል። እኔን የከዳኝ ወንበሩ ነው። የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ እንደምታውቁት አይቻልም፤ ስለዚህ በቀሚሴ ላይ ሹራብ፣ በሹራቤ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ ወገቤን በመቀነት ጠፍሬ ነበር የሄድኩት። ወንበሩ ደግሞ ለመጻፊያ ተብሎ በጎኑ ሳንቃ የተሰካበት፣ ለቀጫጭን ልጆች የተሠራ ነው። መቀመጡንስ ተቀመጥኩ። መምህሩ ሲገባ ሁሉም ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ፤ ወንበሩም አብሮኝ ተነሣ። ያ ሁሉ ወጣት እያየኝ ወንበር ለብሼ ቆምኩ።

"ይቀመጡ፣ እማማ" አለ መምህሩ።

"ተቀምጫለሁ እኮ" አልኩት።

እዚያ ወንበር ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። እኔ ሰው የማሸው ከአክስቴ ተምሬ ነው። ወለም ያለ እግር፣ የተጣመመ አንገት፣ አጨዳ የጨረሰው ወገብ፣ ሁሉም በእኔ እጅ አልፏል። ባለፈው ዓመት መከር እንደገባ ቀበሌ ሰበሰበንና አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ ከእንግዲህ ያለ ብቃት ማረጋገጫ ሰው ማሸት ክልክል ነው አለ። በሌላ አገር አንድ ወጌሻ የሰው ጎድን ሰብሯል አሉ።

"እኔ ሰብሬያለሁ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እርስዎን አላልንም፣ እማማ።"

"ካላላችሁኝ ለምን ትከለክሉኛላችሁ?"

"መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው።"

ዕድሜዬን ሙሉ እኩል ይሁን እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ቅርጫ ስንገባ መደቡ እኩል እስኪሆን ድረስ ቢላውን ከወንዶቹ እጅ ነጥቄ የማስተካክል ሴት ነኝ። አሁን እኩል የሚባለው ነገር ዞሮ መጥቶ እኔኑ ያዘኝ። ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዝም ማለቱ ግን አልሆነልኝም። በማግስቱ ጎረቤቴ አንገቱ ተጣሞ መጣ። ክልክል ነው ብዬ መለስኩት። ሲሰናበት ፊቱ ወደ ጎን ስለነበር ደህና ዋይ ያለው ለእኔ ይሁን ለገብሱ ክምር አላወቅሁም። ከዚያ ወዲያ ሰው ይመጣል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ እጄ ግን ሥራ እንደለመደ በሬ አላርፍ አለኝ። ሊጥ ሳቦካ ሊጡን አሸው ጀመር። ባለቤቴ "ይህ ሊጥ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ፤ "ወገቡን ይዞታል" አልኩት።

ታዲያ አንድ ቀን ንፋስ መውጫ ለጉዳይ ወርጄ በአንድ ማሠልጠኛ በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ። የማሳጅ ሙያ፣ የሦስት ወር ሥልጠና፣ በመጨረሻው ምዘና፣ ለሚያልፍ የብቃት ማረጋገጫ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬ ከዚያም እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁና ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገባሁና ልመዘገብ ነው አልኩ። መዝጋቢው ወጣት ከኋላዬ ልጅ አስከትዬ እንደሆነ ለማየት ቀና አለ።

"ሥልጠናው ለወጣቶች ነው፣ እማማ።"

"ማስታወቂያው ምን ይላል?"

"ዕድሜ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ይላል።"

"እኔ በታች ነኝ?"

"አይ፣ በላይ ነዎት፣ ግን እጅግ በላይ..."

"እጅግ የሚል ተጽፎ ከሆነ አሳየኝና ልሂድ። ካልተጻፈ ግን ጻፈኝ።"

ወጣቱ አለቃውን ሊጠይቅ ሄደ። አለቃው ስብሰባ ላይ ነበር። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጥጥ ማባዘት ጀመርኩ። ለምሳ ሊዘጉ ሲሉ ጻፉኝ።

ትምህርቱ በአጥንት ተጀመረ። መምህራችን ይበልጣል የሚባል፣ ከእኔ የመጨረሻ ልጅ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። የሰው አጥንት ሁለት መቶ ስድስት ነው ሲል እጄን አወጣሁ።

"የሴትም የወንድም?"

"እኩል ነው፣ እማማ።"

እሰየው አልኩ በልቤ፤ አንድ ነገር እንኳ ሳይጣሉ በእኩል ተካፍለዋል።

የአጥንቱም የጡንቻውም ስሞች ግን ስም አይደሉም። ስካፑላ፣ ትራፔዝየስ፣ ላቲሲመስ ዶርሲ። ሌሎቹ ሰሌዳውን በስልካቸው ያነሡታል፤ እኔ በመቁጠሪያዬ ያዝኳቸው። ማታ ማታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ሆኜ አንዱን ፍሬ ስካፑላ፣ ቀጣዩን ስተርነም እያልኩ ስቆጥር፣ ባለቤቴ ጸሎት መስሎት በየመሀሉ "አሜን" ይለኛል። አላረምኩትም። ፈተናም ቢሆን አሜን የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል።

ችግሩ በክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ የአንዱን ልጅ ጀርባ ነካ አድርጎ "ይህ ምን ይባላል?" ሲል፣ እኔ ሳላስበው "ዳቢት" አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ወደ ወገቡ ወረደ፤ "ሽንጥ" አልኩ። ደረቱን ነካ፤ "ፍሪምባ።" የቅርጫ ነገር ደሜ ውስጥ ገብቷል፣ ምን ላድርግ። የሚነካው ልጅ ቀስ ብሎ ሸሚዙን ለበሰ። ይበልጣል ግን አላፈረብኝም፤ በሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል የእኔን፣ በሌላው በኩል የመጽሐፉን ስም ጻፈና "ቦታውን ከማናችሁም በተሻለ ያውቁታል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹም ሲጠፋቸው ወደ እኔ ዞረው "እማማ፣ ይኼ የቱ ብልት ነበር?" ይሉኛል።

ልምምድ የጀመርን ቀን ለጋ ቅቤ በዕቃ ይዤ ሄድኩ። ክልክል ነው፣ በዘይት ነው ተባልኩ። ክዳኑ ግን ተከፍቶ ነበር፤ ጊዜውም ጾም ስለነበር ክፍሉ በሙሉ ምራቁን ሲውጥ ዋለ። ደግሞም ግፊትን በልክ ማድረግ የሚባል ትምህርት አለ። እኔ ሰው ካልጮኸ የተሻሸ አይመስለኝም ነበር። መምህሩ ራሱ ጋደም ብሎ "እስቲ በልክ ይሞክሩብኝ" አለኝ፤ ሞከርኩ። የቀረውን ሰዓት ቆሞ አስተማረን።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ሳልናገር ዋልኩ። ማሸት የማይፈቀድበት ሁኔታ የተማርንበት ቀን ነው። ያበጠና የሞቀ የእግር ባት አይታሽም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይላካል አለ ይበልጣል፤ ምክንያቱንም አስረዳ። እኔ እንዲህ ያለ ባት አሽቼ አውቃለሁ። ሰውየው ተርፏል፤ የተረፈው ግን በእኔ እውቀት አይደለም። ያን ዕለት ቀበሌ ላይ የተናገረው ልጅ ትክክል እንደነበረ ገባኝ። ለራሱ አልነገርኩትም፤ አያስፈልገውም።

ከልጆቹ ሁሉ የቀረበችኝ መሠረት ናት። ከስማዳ፣ ከወገዳ አካባቢ የመጣች፣ ዝም ያለች ልጅ። እጇ ግን አይዋሽም፤ የተቋጠረውን ሥፍራ ሳትፈልገው ታገኘዋለች። እኔ እንደሷ ለመሆን ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል። አጥንት ታስጠናኛለች፤ እኔ ደግሞ ትከሻዋን ሳትወጥር ክብደቷን እንዴት እንደምትጥል አሳያታለሁ።

የምዘናው ቀን ደረሰ። እስከዚያ ድረስ የተለማመድነው እርስ በርሳችን ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከማሸትሽ በፊት የሚታሸውን ሰው "ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምዎታል?" ትያለሽ፤ መልሱን ትጽፊያለሽ፤ አሽተሽ ስትጨርሺ እንደገና ትጠይቂያለሽ። ቁጥሩ ካልተሞላ የቀረው ሁሉ አይቆጠርም። ልጆቹ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ምንም አልቸገረም፤ አንዱማ ሰባት ነጥብ አምስት ይል ነበር። ለምዘናው ግን "ትከሻና ጀርባ የሚያማችሁ ኑ፣ በነጻ ትታሻላችሁ" ተብሎ ገበያ ላይ ተለፈፈና የአገሩ ሰው መጣ። ማን ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ተለየ።

መዛኟ ከደብረ ታቦር የመጣች ሲስተር ሰብለ የምትባል ቀጭን ሴት ናት። አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያለች። መጀመሪያ የከተማ ሰዎች ደረሱ። ስምንት አሉ፤ ሲታሹ ዜሮ አሉ። ዘጠኝ አሉ፤ ዜሮ አሉ። ከዚያ መሠረት ተጠራች። የደረሳት አያ ገበየሁ የሚባል ገበሬ ነው።

"ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምዎታል?"

"ተመስገን።"

"አይ፣ ሕመሙን በቁጥር ይንገሩኝ።"

"ክብር ይግባው፤ ደህና ነኝ፣ ልጄ።"

"ደህና ከሆኑ ለምን መጡ?"

"በነጻ ነው ስላሉ።"

አሸችው። እንዲያ ያለ ማሸት አይቼ አላውቅም፤ ሰውየው አንኮራፋ። ሲነቃ "አሁንስ?" አለችው። "አሁንም ተመስገን" አላት። የቁጥሩ ሳጥን ባዶ፣ ወረቀቱ ባዶ። ሲስተር ሰብለ አንገቷን ነቀነቀችና "ገና ብቁ ያልሆነች" ብላ ጻፈች። መሠረት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ነጭ ጋውኔን ለብሼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። በሩ ተከፈተና የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ ገቡ።

እሳቸው በዕድሜ በሦስት ዓመት ቢያንሱኝም አባቴ ናቸው። ሳላስብ ጎንበስ ብዬ "ይፍቱኝ" አልኩ፤ እሳቸውም ሳያስቡ መስቀላቸውን አወጡ። በሐኪም ቤት ልብስ ሲያዩኝ ግን ደነገጡ።

"ምን ነካሽ፣ ልጄ? ታመሽ ነው?"

"እኔ ነኝ የማሽዎ፣ አባቴ።"

ወደ በሩ ዞሩ። "ሌላ ሰው የለም?"

ሲስተር ሰብለ "ካልተመቻችሁ ልቀይርላችሁ እችላለሁ" አለች።

"መሠረት ይቀየርልኝ ብትል ኖሮ ትቀይሪላት ነበር?" አልኳት።

"እሱማ... አይ።"

"እንግዲያው ለእኔም አይቀየር። ዕጣ ነው።"

አባ ተክሌ ተነፈሱ። "ይህች ሴት አንዴ ከያዘች አትለቅም" አሉ ለሲስተር ሰብለ፤ "ማሸቱ ላይም እንዲሁ ከሆነች ድኛለሁ።"

ከዚያ የጥምጣሙ ጉዳይ መጣ። በደረታቸው ለመተኛት ጥምጣማቸውን ማውለቅ አለባቸው። የት ይቀመጥ? መሬት ላይ አይሆንም። ጠረጴዛው ዘይት ነክቶታል። ያለው ንጹሕ ነገር የሲስተር ሰብለ ወንበር ብቻ ነው። ተነሥታ ለጥምጣሙ ለቀቀች፤ ምዘናውን ቆማ ጨረሰችው። የመታሻው አልጋ ደግሞ ለፊት የሚሆን ቀዳዳ አለው፤ አባ ቀዳዳውን ጎንበስ ብለው ከላይም ከታችም መረመሩትና አማትበው ተኙ። ስስ ነጠላ በጀርባቸው ላይ ዘረጋሁ።

"አባቴ፣ ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምዎታል?"

ከቀዳዳው ሥር ድምፅ መጣ። "ተመስገን፣ ልጄ።"

"በቁጥር፣ አባቴ።"

"ስሙ ይክበር ይመስገን።"

ሲስተር ሰብለ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። እኔ ደግሞ የሦስት ወር መንገድ፣ የወንበሩ ውርደት፣ ያ ሁሉ ላቲሲመስ ዶርሲ በአንዲት ተመስገን ሲሄድ ታየኝ። አሁን ካላለፍኩ ወደ ቤቴ የምገባው የመጣውን ሰው ሁሉ ከደጅ ለመመለስ ነው።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አልኩ። "ለንስሐ ስመጣ፣ ሁሉንም በድያለሁ ብዬ ልገላገል ስል ምን ይሉኛል?"

"ደፍነሽ አትለፊ እልሻለሁ።"

"የቱን፣ ስንት ጊዜ፣ እያሉ ያስቆጥሩኝ የለም?"

"አስቆጥርሻለሁ።"

"ታዲያ እርስዎስ በተመስገን ደፍነው ሊያልፉኝ ነው?"

ራሳቸውን ከቀዳዳው ቀና አድርገው መልሰው ደፉት።

"ማመስገኑን አልከለከልኩም፤ ያመስግኑ። ግን ስንት ሆኖ ነው የሚያመሰግኑት?"

ከዚያ ከአልጋው ሥር፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያህል፣ "ዘጠኝ" አሉ። ቀጥለውም "ለሰው አትንገሪ።"

"እኛም ምስጢር ጠባቂ ነን" አልኩ። "በሁለተኛው ሳምንት ተምረናል።" (አሁን የምጽፈው እሳቸው ራሳቸው ቅዳሴ ሲያበቃ ለሕዝቡ ካወሩት በኋላ ነው።)

በልጅነታቸው እዚሁ አገራችን ባለችው ቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ሲማሩ ጀምረው በመቋሚያ ተደግፈው የቆሙበት ማሕሌት ሁሉ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ተከማችቷል። እጄ ሲያርፍበት የደረቀ ጠፍር ነው። በዚያ ትከሻ ነው መስቀሉን የሚያነሡልን። እኔ ተሳልሜ ቶሎ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ እንጂ፣ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው እንደሚያነሡት አንድም ቀን አላየሁም። በልክ አሸሁ። እንደተማርኩት ከዳር ወደ መሀል፣ ከቀላል ወደ ጠንካራ። ሰው ሳይጮህም እንደሚድን እጄ ያን ቀን አመነ።

"አሁንስ ስንት ነው?"

"ስንት ብል ነው የምታልፊው?"

"እሱን አይጠይቁኝ።"

"ዜሮ ልበልልሽ?"

"የነፍስ አባት ሆነው?"

ቀና አሉና ክንዳቸውን ቀስ ብለው አነሡ፤ ከጆሯቸው በላይ ሲያልፍ ራሳቸውም ገርሟቸው አዩት። "አምስት" አሉ።

ጻፍኩ። የቀረው ለቤት የሚሰጥ ምክር ነው። "መቋሚያውን እያፈራረቁ በሁለቱም ወገን ይደገፉ። ስግደቱንም ለሁለት ሳምንት ይተዉት።"

"ይህንንስ ማን ይፈቅድልኛል?"

"የራስዎን የነፍስ አባት ይጠይቁ። የእኔ ሥልጣን እስከ ትከሻ ነው።"

ሲስተር ሰብለ "ብቁ" ብላ ጻፈች። "ቀኑን ሙሉ ሁሉም ዜሮ ሲለኝ ዋለ" አለችኝ፤ "ይቺን አምስት ግን አምኛታለሁ።" ወረቀቱን እንድፈርምበት ሰጠችኝ።

ብዕሩን ይዤ ጥግ ላይ ያለችውን መሠረት አየሁ። እዚህ ላይ ብልህ ሰው ይፈርምና ይሄዳል። እኔ ብዕሩን አስቀመጥኩት።

"አልፈርምም።"

"ምን ጎደለ?"

"የእኔ ታሺ የነፍስ አባቴ ስለሆኑ ቁልፋቸውን አውቀዋለሁ። እሷ ግን የማታውቀው ሰው ነው የደረሳት። የሷ እጅ አልተመዘነም፤ የተመዘነው የአያ ገበየሁ ጨዋነት ነው።"

"እማማ፣ ካልፈረሙ ውጤቱ አይጸናም። የሚቀጥለው ምዘና መቼ እንደሆነም አይታወቅም።"

ይበልጣል በሹክሹክታ "ስለ እግዚአብሔር ይፈርሙ" ይለኛል። ልቤም እውነቱን ልንገራችሁ ፈርሚ ፈርሚ ይለኛል። እጄ ግን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

ሲስተር ሰብለ ጥምጣሙን አየች፣ እኔን አየች፣ ቆሞ መዋል የታከታትም ይመስላል። "ሰውየው አለ?" አለች። አለ፤ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። "አንዴ ብቻ ትጠይቀዋለች። ማንም እንዳይረዳት። እርስዎም፣ እማማ፣ አንድም ቃል።"

አንድም ቃል የሚለው ከሁሉም ከበደኝ፤ ነጠላዬን ጥርሴ መሀል አደረግሁ።

አያ ገበየሁ ገባ። መሠረት ዐይኗን ጠረገችና ቁጥሩን ለጊዜው ተወችው።

"አያ ገበየሁ፣ አባቴም እንደርስዎ አራሽ ነው። እርፍ ሲይዙ፣ ስንተኛው ትልም ላይ ነው ወገብዎ ቁም የሚልዎት?"

ሰውየው አሰበ። "ዘንድሮ ሦስተኛው ላይ።"

"ዱሮስ?"

"ዱሮማ እስከ ምሳ ማን ይቆማል?"

"ታዲያ ይህ ከአስር ስንት ይሆናል?"

"እንዲህ ከሆነማ ስምንት ነው" አለ፤ ማንም ያልጠየቀው ነገር ይመስል።

"አሁንስ?"

ተነሣ። በባዶ እጁ እርፍ ጨበጠ፤ ጎንበስ ብሎ በሬዎቹን አቅንቶ ከአልጋው እስከ በሩ አንድ ትልም አወጣ። በሩ ጋ ዞሮ ተመለሰ። ሲስተር ሰብለ መንገድ ለቀቀችለት። ቀና ብሎ ወገቡን ያዘ። "አራት" አለ።

ሲስተር ሰብለ አዲስ ወረቀት አውጥታ "ብቁ" ብላ መጻፍ ጀመረች። አያ ገበየሁ ግን አልጨረሰም።

"ጉልበቴ ሰባት ነው" አለ። "ጻፊው እንጂ። ጥርሴ ዘጠኝ። ይኼ አማቼ አሥራ ሁለት።"

"ከአስር በላይ የለም፣ አያ ገበየሁ" አለችው መሠረት።

"ስለማታውቂው ነው።"

መሠረት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እየሳቀች ፈረመች፤ ብዕሩን ለእኔ አቀበለችኝ፣ እኔም ከሷ ቀጥዬ ፈረምኩ። አባ ተክሌ ጥምጣማቸውን አነሡ፣ ሲስተር ሰብለ ተቀመጠች፣ ይበልጣል መስኮቱን ከፈተ። አያ ገበየሁ ግን እዚያው ነበር፤ ሕመሙን እየቆጠረ ገና ግራ እግሩ ላይ አልደረሰም።